የመጀመሪያ የዌብ ቋንቋ፦ ፓይተን፣ ፒኤችፒ ወይስ ሌላ? (ለአጎቴ ፔንሲዮን)

የማራኪዋ · ሰኔ 14፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ገቢ ነኝ፤ ስሳሳት ታገሡኝ።

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ታይፕ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የተማሪ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። አካውንቲንግ ተምሬያለሁ። ፕሮግራሚንግ ግን ከዜሮ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን አለው፤ 11 ክፍል። ዓመቱን ሙሉ ግማሹ ባዶ ነው። ጥምቀት ሲመጣ ግን በረንዳውም ይፈለጋል። ባለፈው ጥምቀት 4 ቁጥርን ለሁለት ሰው አከራየነው። አንዱን አጎቴ በስልክ ተቀብሎ ደብተር ላይ ጻፈ። ሌላውን ልጁ በቴሌግራም ተቀብላ በራሷ ስልክ ያዘች። በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወርዱበት ሰዓት፣ ሁለት ቤተሰብ ሻንጣውን ይዞ አንድ በር ላይ ተፋጠጠ። አንደኛው ቤተሰብ ያደረው እኛ ቤት ሳሎን ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።

ከዚያ ወዲህ ይህን የሚፈታ ድረ ገጽ እሠራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ቋንቋው ላይ ግን ተጣበቅሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ጎረቤታችን ፓይተን ይላል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ሪአክት ይላል። አንድ የሱቅ ደንበኛ ደግሞ «ፒኤችፒ ይዘሽ ቁጭ በይ» አለኝ። ሦስቱንም አንዳንድ ሳምንት ነካክቼ ሦስቱንም ተውኳቸው። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኛለሁ።

ያለኝ 4 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል አለኝ፤ እሱም መብራት ካለ። ዳታ በቁጠባ ነው። በየትኛው ልጀምር?

ቀበሌ 18 · ሰኔ 14፣ ማታ 2፡21

የገጹ አጥንት በሚጻፍበት በኤችቲኤምኤል። በሉ አሁን እንጣላ።

ፓይተኑ · ሰኔ 14፣ ማታ 2፡40

«ኤችቲኤምኤል ፕሮግራሚንግ ነው ወይስ አይደለም» ውስጥ አልገባም፤ ባለፈው ተጣልተንበት ሁለት ሰው ለቆ ሄዷል።

እኔ ፓይተን ነው የምልሽ። ክፍል ውስጥ በሲ ፕላስ ፕላስ ነው ያስጀመሩን። አንዲት ሴሚኮሎን ረስቼ ሌሊቱ ነግቶብኝ ያውቃል። ፕሮግራሚንግ ራሱ የገባኝ ፓይተን ስነካ ነው። ስታነቢው ሰው ለሰው የጻፈው ይመስላል።

ላንቺ ጉዳይ ደግሞ ጃንጎ አለ፤ በፓይተን ድረ ገጽ ለመሥራት የተዘጋጀ ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ) ነው። ጃንጎ ተወልዶ ያደገው ካንሳስ ውስጥ ባለ ጋዜጣ ቤት ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተለቀቀ። ጋዜጠኞቹ ቶሎ ቶሎ መረጃ የሚያስገቡበት ገጽ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ የአድሚን (የአስተዳዳሪ) ገጹ አብሮት ይመጣል። «ክፍል»፣ «እንግዳ»፣ «ቆይታ» ብለሽ ሦስት ነገር ከገለጽሽለት መመዝገቢያውም ማረሚያውም ተሠርቶ ይጠብቅሻል። አጎትሽ ነገ ሊጠቀምበት ይችላል።

አዘዞ · ሰኔ 14፣ ማታ 3፡05

«ነገ» የምትለዋ ላይ ነው የማልስማማው።

ጃንጎ ሸጋ ነው፤ አልክድም። ግን ከዜሮ የተነሣ ሰው ሲከፍተው ክላስ፣ ማይግሬሽን፣ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት የሚባል ነገር ባንድ ቀን ይወርድበታል። ሦስት ሳምንት ያልገባውን ነገር እየገለበጠ ይቆያል። ከዚያ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። ስንቱን አየሁ።

እኔ ከዚሁ ከጎንደር ሆኜ በፒኤችፒ ነው እንጀራዬን የምበላው። ራስመስ ሌርዶርፍ የሚባል ሰው በ1994 እ.ኤ.አ. ለግል ገጹ ብሎ የጀመረው ነገር ነው፤ ጠባዩ እንደዚያው ቀርቷል፣ ለሰው ቅርብ ነው። አንድ ፋይል ትጽፊያለሽ፣ ሰርቨር (ገጹን ለሁሉም የሚያቀርብ ኮምፒዩተር) ላይ ታስቀምጪያለሽ፣ ይሠራል። ዎርድፕረስ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራው በእሱ ነው፤ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ ዎርድፕረስ ነው። ሆቴሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ አስጎብኚውም ሲደውልልኝ በአብዛኛው የሚፈልገው እሱን ነው። ርካሽ ሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ ኪራይ) ሁሉ ማለት ይቻላል ፒኤችፒን ያስኬዳል።

ሌላም ልንገርሽ። በ2016 ዓ.ም. ሞባይል ዳታ ለወራት አልነበረንም። ያኔ ሥራ ያላቆምኩት ሁሉም ነገር ላፕቶፔ ውስጥ ስለነበረ ነው። ኤግዛምፕ የሚባለው ጥቅል 150 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ አንዴ ካወረድሽው ሰርቨሩም ዳታቤዙም ፒኤችፒውም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የፒኤችፒ ማኑዋልም እንዳለ ይወርዳል። በጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ የሚሠሩ ጓደኞቼ ግን አዲስ ፕሮጀክት ለመክፈት እንኳ ጥቅል ማውረድ ነበረባቸው። እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ሪአክት በሻይ · ሰኔ 14፣ ማታ 3፡30

የአክስትሽ ልጅ እኔ አይደለሁም፤ ቀድሜ ልንገርሽ። ግን ሪአክት ነው ሥራዬ፤ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ የሳሙና በር ልጅ ነኝ።

በሪአክት አትጀምሪ። ሪአክት ቋንቋ አይደለም፤ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ የገጽ መሥሪያ ነው። ጃቫስክሪፕት ሳትይዢ እሱን መማር ሊጥ ሳያቦኩ ምጣድ ማሟሸት ነው። ምጣዱ ይግላል፤ እንጀራ ግን የለም።

ራሱን ጃቫስክሪፕትን ግን አትዝለዪው። ፓይተንም መረጥሽ ፒኤችፒ፣ አሳሹ (ብራውዘሩ) ውስጥ ገብቶ የሚሠራው እሱ ነው። ብሬንደን አይክ በ1995 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ረቂቅ በ10 ቀን ነው የጻፈው። ችኮላው ዛሬም ያስታውቃል። ጃንዋሪን 0 ብሎ የሚቆጥር ቋንቋ የት አይተሻል? ቢሆንም የሚጫን ነገር የለውም። ኖትፓድ እና ክሮም ይበቃሻል። 4 ጊጋ ራም ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ጃቫ እና ጃቫስክሪፕት አንድ እንዳይመስሉሽ። በርና በርበሬ ናቸው።

ዝም ብዬ አነባለሁ · ሰኔ 15፣ ጠዋት 1፡50

እኔ ላፕቶፕ የለኝም፤ ስልክ ብቻ ነው። ልሞክር ወይስ ልተወው? ይቅርታ፣ ክሩን ጠመዘዝኩት።

አዘዞ · ሰኔ 15፣ ጠዋት 2፡10

ሞክር እንጂ። ስልክ ላይ ኮድ መጻፊያ አፕ አለ፤ «አኮድ» የሚባለው ቀላል ነው። ኤችቲኤምኤል፣ ለገጹ መልክና ቀለም የሚሰጠውን ሲኤስኤስ እና ጃቫስክሪፕት ጽፈህ እዚያው ታየዋለህ። ቅንፍና ጥቅስ ምልክት መፈለግ ጣትህን ያሰለቸዋል፤ ብሉቱዝ ኪቦርድ ከተገኘ ግማሹ ችግር ተፈታ። ፍሪ ኮድ ካምፕ የሚባለው የኮድ ማስተማሪያ ድረ ገጽም ነፃ ነው።

ዝም ብዬ አነባለሁ · ሰኔ 15፣ ጠዋት 2፡14

በ2016 ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናስ?

አዘዞ · ሰኔ 15፣ ጠዋት 2፡20

እሱም ነፃ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ካላስቸገረህ ግባበት።

ጋሽ ሰርቨር · ሰኔ 15፣ ከሰዓት 9፡30

ልጆች፣ ጥሩ ነው የተወያያችሁት። ግን ሁላችሁም ስለ ቋንቋ አወራችሁ፤ የልጅቱን ደብተር የጠየቀ የለም።

ልጄ፣ መጀመሪያ ወረቀት አውጪ። 4 ቁጥር ከጥር 10 እስከ 12 ተይዟል እንበል። አዲስ ሰው ከ11 እስከ 13 ልያዝ አለ። ይጋጫል? አዎ። ከ12 እስከ 14 ያለውስ? አይጋጭም፤ የመጀመሪያው በ12 ጠዋት ይወጣል፣ ሁለተኛው በ12 ከሰዓት ይገባል። ከ9 እስከ 15 ያለውስ? እሱ የቀድሞውን ውጦ ይዞታል፤ ይጋጫል። ሕጉ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ አዲሱ የሚገባው አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ከሆነ፣ አዲሱ የሚወጣውም አሮጌው ከገባ በኋላ ከሆነ፣ ግጭት አለ። ሁለቱ አብረው እውነት መሆን አለባቸው። ይህ ከገባሽ ፔንሲዮኑን ሠርተሽ ጨርሰሻል። የቀረው መጻፍ ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ሁለት መስመር ነው።

እኔ በቢሮ ሥራ ስጀምር በቪዥዋል ቤዚክ ነበር። ዛሬ ማንም አያነሣውም። ወረቀት ላይ ያወጣሁት ሕግ ግን አላረጀም።

አሁን ምረጡልኝ ካልሽ፣ እንዲህ ነው የምልሽ። ሰኔንና ሐምሌን ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ እና ንጹሕ ጃቫስክሪፕት። ፍሬምወርክ የሚባል አትንኪ። ይህችን የግጭት ሕግ አሳሹ ውስጥ አሠሪያት። ከዚያ ፒኤችፒ። ለምን ፒኤችፒ? ከፓይተን ስለሚበልጥ አይደለም። አዘዞ የሚባለው ልጅ ፒኤችፒ ያውቃል፤ ካንቺ ያለው ርቀት የባጃጅ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ስትጣበቂ ስልክ የሚያነሣ ሰው ከቋንቋው ይበልጣል።

ፓይተኑ · ሰኔ 15፣ ከሰዓት 9፡41

ጋሼ፣ እኔ እኮ ማራኪ ነው ያለሁት! በእግር 10 ደቂቃ!

ጋሽ ሰርቨር · ሰኔ 15፣ ከሰዓት 9፡55

አንተ ሐምሌ ሲገባ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ትሄዳለህ።

ፓይተኑ · ሰኔ 15፣ ከሰዓት 9፡56

እሱስ እውነት ነው።

ቀበሌ 18 · ሰኔ 15፣ ማታ 1፡10

ቻት ጂፒቲ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? «የፔንሲዮን ሳይት ሥራልኝ» ማለት ነው።

ሪአክት በሻይ · ሰኔ 15፣ ማታ 1፡32

ይሠራልሃል። በከተራ ዕለት ሲበላሽ ግን የሚያርመው ሰው ኮዱን ማንበብ አለበት። የማራኪዋ፣ አንቺ ያልገባሽን መስመር አስረዳኝ ብለሽ ብትጠይቂው ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ጻፍልኝ ብለሽ ከተኛሽ ግን ጉድሽ ነው።

የማራኪዋ · ሰኔ 16፣ ማታ 2፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አንቱ እንዳሉት ወረቀት ላይ ሠራሁት። ለአጎቴ ሳሳየው «ይህንማ እኔም አውቃለሁ» አለኝ። እና ለምን 4 ቁጥርን ሁለቴ አከራየህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ታላቄ ነው።

በጃቫስክሪፕት ጀምሬያለሁ።

የማራኪዋ · ነሐሴ 3፣ ማታ 2፡50

ሰባት ሳምንት ሆነኝ። ሠራሁት! 11 ክፍል በ11 ሳጥን ይታያል፤ ነፃው አረንጓዴ፣ የተያዘው ቀይ። ቀን ሳስገባ ከተጋጨ እምቢ ይላል። ገጹን ዘግቼ ስከፍተውም ስሞቹ አይጠፉም፤ ሎካል ስቶሬጅ የሚባል ላይ ነው ያስቀመጥኩት።

ፋይሉን ለአጎቴ በቴሌግራም ላክሁለት። እሱ ስልክ ላይ ግን ሁሉም ክፍል አረንጓዴ ነው። ባዶ። ምን አጠፋሁ?

ሪአክት በሻይ · ነሐሴ 3፣ ማታ 3፡02

ምንም አላጠፋሽም። ሎካል ስቶሬጅ በዚያ ስልክ፣ በዚያ አሳሽ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ነው። ያንቺ ላፕቶፕ የራሱ ደብተር አለው፤ የአጎትሽ ስልክ የራሱ።

የማራኪዋ · ነሐሴ 3፣ ማታ 3፡04

እንዴ! ይህ እኮ ራሱ ያ የጥምቀቱ ችግር ነው። አንዱ በደብተር፣ አንዷ በቴሌግራም።

አዘዞ · ነሐሴ 3፣ ማታ 3፡20

ሰርቨር ለምን እንደሚያስፈልግ በዚህ ገብቶሻል። እኔ ብነግርሽ እንዲህ አይገባሽም ነበር። አንድ ደብተር፣ አንድ ቦታ፣ ሁሉም ከዚያ ያነባል፤ ዳታቤዝ ማለት ያ ነው። ኤግዛምፕ በፍላሽ ይዤ ቅዳሜ ሱቅ እመጣለሁ። ዳታ አታቃጥዪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ዩቲዩብ ላይ የድሮ የፒኤችፒ ትምህርት ሞልቷል። «ማይኤስኪውኤል ኩዌሪ» በሚባለው የድሮ የዳታቤዝ መጠየቂያ የሚጀምር ካየሽ ቪዲዮውን ዝጊው። እሱ ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ ተሰርዟል፤ ያ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ከዳታቤዝ ጋር በ«ፒዲኦ» የሚያገናኘውን ፈልጊ። እንግዳ ሞልቶ የላከውን ጽሑፍም በቀጥታ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ትእዛዝ) ውስጥ አትቀላቅዪ፤ ትእዛዙን አስቀድመሽ «ፕሪፔር» አድርገሽ (አዘጋጅተሽ) ጽሑፉን ለብቻው ስጪው። አለበለዚያ አንድ ተንኮለኛ በስም ቦታ ትእዛዝ ጽፎ ደብተርሽን ይደመስስልሻል።

የማራኪዋ · ጳጉሜን 2፣ ጠዋት 4፡15

ሰው አለ? አስቸኳይ ነው። ፒኤችፒው እየሄደ ነው፤ አዘዞ ሁለት ቅዳሜ መጥቶ አሳይቶኛል። ዛሬ አጎቴ እንግዳ ሊመዘግብ ወር ሲመርጥ ጳጉሜን የለም። 12 ወር ነው ያስገባሁት። የወሮቹን ዝርዝር ከአንድ ትምህርት ላይ ገልብጬው ነው፤ ስሞቹን ብቻ ነው የቀየርኩት። ጃንዋሪን በመስከረም፣ እስከ ነሐሴ…

ቀበሌ 18 · ጳጉሜን 2፣ ጠዋት 4፡18

የ13 ወር ጸጋ ቱሪስት ይስባል ይሉናል፤ አንቺ አንዱን ቀማሽን 😂

ጋሽ ሰርቨር · ጳጉሜን 2፣ ቀን 6፡40

አይዞሽ ልጄ። ጥሩ ቀን ነው የተገኘው፤ መስከረም ላይ ቢሆን ዓመት ሙሉ ተደብቆ ይቆይ ነበር።

ዝርዝሩ ላይ 13ኛ መጨመር ብቻ አይበቃም። ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑን በፈረንጆቹ አስቀምጪው፤ የማነጻጸሩን ሥራ ዳታቤዙ ራሱ ይሠራልሻል። ለአጎትሽ ስታሳዪ ብቻ ወደ እኛ መልሺው። ለማሳየቱ ጃቫስክሪፕት ውስጥ «ኢንትል ዴት ታይም ፎርማት» የሚባል የቀን መጻፊያ አለ። ካሌንደሩን «ኢትዮፒክ»፣ ቋንቋውን አማርኛ ካልሽው ጳጉሜንን ጨምሮ አስተካክሎ ይጽፈዋል። የሚጫን ነገር የለም።

ከእኛ ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ደግሞ ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው፤ የእኛ አቆጣጠር ለሒሳብ የተመቸ ነው። መነሻ ያዢ፦ መስከረም 1፣ 2000 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12፣ 2007 ነበር። ሚሌኒየሙን ያከበርንበት ቀን፤ አይረሳም። ከዚያ የተቆጠሩትን ቀኖች አግኚ፦

ዓመቱ ላይ 2000 ቀንሺ፤ በ365 አባዢ። ያንኑ ልዩነት ለ4 አካፍለሽ ሙሉ ቁጥሩን ጨምሪ፤ ይህ ጳጉሜን 6 የሆነባቸው ዓመታት ነው። ወሩ ላይ 1 ቀንሰሽ በ30 አባዢና ጨምሪ። ቀኑ ላይ 1 ቀንሰሽ ጨምሪ።

ጥር 11፣ 2018ን ሞክሪ። 18 በ365 ሲባዛ 6570 ነው። 18 ለ4 ሲካፈል 4። ጥር አምስተኛ ወር ነው፤ 4 በ30 ሲባዛ 120። ቀኑ 10። ድምሩ 6704። ከሴፕቴምበር 12፣ 2007 ተነሥተሽ 6704 ቀን ብትሄጂ ጃንዋሪ 19፣ 2026 ላይ ታርፊያለሽ። ያ ጥምቀት ነው።

የማራኪዋ · ጳጉሜን 2፣ ቀን 7፡30

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። በካልኩሌተር ሠራሁት፤ ልክ ነው። እና የ2016 ጥምቀትን ብሞክረው ጃንዋሪ 20 መጣ። ተሳሳትኩ?

ጋሽ ሰርቨር · ጳጉሜን 2፣ ቀን 7፡48

አልተሳሳትሽም። በ2015 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ነበረች፤ ስለዚህ አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ገባ፣ ጥምቀትም በ20 ዋለ። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ጥምቀት ሁልጊዜ 19 ነው ብሎ ይይዛል። ይህን ገጹ ላይ ጻፊለት።

ሰዓቱንም አትርሺ። መግቢያ «8 ሰዓት» ብለሽ ብትለጥፊ ፈረንጁ በጠዋት በር ይደበድባል።

የማራኪዋ · ጥቅምት 20፣ ማታ 3፡15

አዘዞ ሆስቲንጉ ላይ ቦታ ሰጥቶኝ ገጹ ወጣ። አጎቴም ልጁም ከየስልካቸው ያያሉ። አዲስ ችግር ግን አለ። ስሞቹን በአማርኛ ሳስገባ ዳታቤዙ ውስጥ ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነዋል። ????

አዘዞ · ጥቅምት 20፣ ማታ 3፡25

ቴብሉን (የዳታቤዙን ሠንጠረዥ) የፈጠርሽበትን መስመር ከየት ገለበጥሽው? መጨረሻው ላይ «ላቲን 1» የሚል አለ?

የማራኪዋ · ጥቅምት 20፣ ማታ 3፡27

አለ 🙈

አዘዞ · ጥቅምት 20፣ ማታ 3፡44

ላቲን 1 የፈረንጅ ፊደል ማስቀመጫ ነው፤ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። የእኛንም ፊደል የሚይዘውን «ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4» አድርጊው፤ ፒዲኦ ሲገናኝም ያንኑ ንገሪው። ጥያቄ ምልክት የሆኑት ግን አይመለሱም፤ ከደብተሩ እንደገና አስገቢ።

ሌላ ወጥመድም አለ። በፒኤችፒ «ጎንደር» ስንት ፊደል ነው ብለሽ በ«ስትርሌን» ብትጠይቂው 12 ይልሻል። በዩቲኤፍ 8 አንዱ የእኛ ፊደል የሚይዘው ቦታ 3 ባይት ነው፤ እሱ የሚቆጥረው ባይት ነው። «ኤምቢ ስትርሌን» ስትዪው 4 ይላል። ረጅም ስም ስትቆርጪም በ«ኤምቢ» የሚጀምረውን ተጠቀሚ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ከወገቡ ይቆረጣል።

ፓይተኑ · ጥቅምት 20፣ ማታ 3፡50

ፓይተን 3 ላይ ግን በቀጥታ 4 ነው የሚለው። ለማስታወስ ያህል ብቻ።

አዘዞ · ጥቅምት 20፣ ማታ 3፡51

ከእረፍት ተመለስክ?

የማራኪዋ · ጥቅምት 21፣ ጠዋት 3፡10

የፊደሉን ነገር እኔም ከሱቅ አውቀዋለሁ። በቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ የድሮ ፋይል ይዘው ይመጣሉ። ፎንቱ ከሌለ ሁሉም ዝብርቅርቅ ያለ የፈረንጅ ፊደል ነው። «ኮምፒዩተራችሁ ቫይረስ አለበት» ይሉናል። ከዚህ ጋር ግን አላገናኘሁትም ነበር።

ጋሽ ሰርቨር · ጥቅምት 21፣ ከሰዓት 10፡05

ልክ ነሽ፣ ላቲን 1ም ቪዥዋል ግዕዝም የድሮ ዘመን ውርስ ናቸው። ያኔ የፈረንጅ ፊደል ቁጥር ላይ የእኛን ሥዕል ነበር የምንለጥፈው። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ የራሱን ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 3.0 ነው። ከዚያ ወዲህ ሀ በየትም አገር ሀ ነው።

ግን ሀ እና ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ናቸው። ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ የተባለች እንግዳ ብትደውል የልጅሽ ፍለጋ አንዷን ብቻ ነው የሚያገኝ። ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጪ፤ ለፍለጋ ግን ሁለተኛ ዓምድ ያዢና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይረሽ አስገቢ። እስከ ሰባተኛው ድረስ፤ ግዕዙን ብቻ ቀይሮ የሚተው አይጠፋም።

የማራኪዋ · ጥቅምት 21፣ ማታ 1፡20

ጋሼ፣ «የልጅሽ ፍለጋ» ሲሉኝ ልጅ የለኝም ልል ነበር። የአጎቴ ልጅ ለማለት ነው አይደል?

ጋሽ ሰርቨር · ጥቅምት 21፣ ማታ 1፡35

አዎን፣ እሷን። ዓይኔ ነው፤ ስልክ ላይ መጻፍ አልችልበትም።

ዝም ብዬ አነባለሁ · ኅዳር 9፣ ጠዋት 2፡30

እኔም ልንገራችሁ። በስልክ ጀምሬ የእድራችንን መዋጮ የሚደምር ገጽ ሠራሁ። ሎካል ስቶሬጅ ነው፤ አንድ ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚታይ። ግን የእድሩ ጸሐፊ አንድ ሰው ስለሆነ ችግር የለውም። ጃቫስክሪፕት ብቻ ነው። ሌላ ቋንቋ ገና አልነካሁም።

ሪአክት በሻይ · ኅዳር 9፣ ጠዋት 3፡00

አትንካ። ስልኩ ቢጠፋ ግን እድሩ አብሮ ይጠፋል፤ ዝርዝሩን በየወሩ ፋይል አድርጎ የሚያወጣ ቁልፍ ጨምርበት።

ቀበሌ 18 · ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡00

እኅቴ፣ ያ ፔንሲዮን ደረሰ? ክፍያውንስ በቴሌብር አገናኘሽው?

የማራኪዋ · ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡30

ክፍያው ገና ነው። ቆይ ያለኝ አዘዞ ነው። የክፍያ ቁልፉ ሚስጥር ስለሆነ ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ከተጻፈ ማንም ያነበዋል፤ ሰርቨሩ ላይ መቀመጥ አለበት አለኝ። ለዚህ ጥምቀት እንግዳው ቅድሚያ ይልካል፣ ደረሰኙን በቴሌግራም ያሳየናል፣ አጎቴ «ተከፍሏል» የሚለውን ይጫናል። በቃ።

አጎቴ ደብተሩን አልተወም። ሲስተሙ ላይ አስገብቶ ደብተርም ላይ ይጽፋል። ማታ ማታ ሁለቱን ያስተያያል። እስካሁን ሁለቴ ተለያይተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ የተሳሳተው ደብተሩ ነው። እሱ ግን አንዱን አላመነም።

ጥር ካለፈ በኋላ ፓይተን ልሞክር ነው፤ ፓይተኑ፣ ተዘጋጅ።

ፓይተኑ · ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡31

የት ልምጣ?

ቀበሌ 18 · ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡40

እሺ ዘመድ ከባሕር ዳር ይመጣብኛል። ለከተራ ማታ አንድ ክፍል ያዢልኝ፤ የዚህ ክር ሰው ነኝ እኮ።

የማራኪዋ · ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡43

ጥር 10 ሞልቷል። ሲስተሙ ነው እምቢ ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ቀበሌ 18 · ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡44

ደብተሩ ላይስ?

የማራኪዋ · ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2፡52

አጎቴን ጠየቅሁት። ደብተሩ ላይም ሞልቷል። ሳሎናችን አለ፤ እናቴን አስፈቅድ።